የንኡስ ሥራ ተቋራጭ የክፍያ መጠየቂያ በኮምፒውተር ሲታረም

ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በቴፒ ከተማና በዙሪያዋ የሚካሄድ ግንባታ፣ የጤና ኬላም ይሁን የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ሁለት ወቅት ብቻ ነው ያለው፤ ድንጋይ የሚጓጓዝበትና ድንጋይ የማይጓጓዝበት። ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል በዝናሙ ብዛት የታወቀ ስለ ሆነ የግንብ ሥራ የሚፋጠነው ዝናሙ ጋብ ማለት ሲጀምር ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ነው። በጥቅምትና በኅዳር የቀን ሠራተኞቹን ሒሳብ በሰዓቱ መክፈል ያልቻለ ግንበኛ በማግሥቱ ሠራተኞቹን የሚያገኛቸው በቡና ማሳ ውስጥ ነው። አይፈረድባቸውም፤ የለቀማ ገንዘብ በዕለቱ ይከፈላል።

ይህ ግንበኛ ብዙውን ጊዜ ዋናው ሥራ ተቋራጭ አይደለም። ከዋናው ተቋራጭ የግንቡን፣ የጣሪያውን ወይም የቧንቧውን ሥራ ብቻ በውል የተቀበለ ንኡስ ሥራ ተቋራጭ ነው። የሠራበትን ለማግኘት የክፍያ መጠየቂያ ያቀርባል፤ ተጠሪ መሐንዲሱ ሥራውን ይለካል፤ ዋናው ተቋራጭ የንኡሱን ሒሳብ በራሱ መጠየቂያ ውስጥ አካትቶ ያስተላልፋል፤ አማካሪው የክፍያ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በመጨረሻም የአሠሪው ሒሳብ ክፍል ይከፍላል። ከእነዚህ እጆች በአንዱ ላይ አንዲት አኃዝ ከተሳሳተች ወረቀቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ቴፒ የተመለሰ ወረቀት ደግሞ በማግሥቱ አይደርስም።

በዓለም ላይ ይህን ውጣ ውረድ ለማሳጠር የግንባታ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ሥራ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ፕሮኮር በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ነው። በአገራችን አብዛኛው የግንባታ ሒሳብ ዛሬም በኤክሴል ሠንጠረዥና በታተመ ወረቀት ላይ የሚሠራ ቢሆንም፣ በውጭ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ሒሳባቸውን በእንዲህ ያለ ሥርዓት እንዲይዙ ቢጠየቁ የሚያስደንቅ አይሆንም። ያን ጊዜ የፕሮጀክት አስተባባሪው ወደ አንድ ወጣት ዞር ብሎ፣ ምናልባትም የምሕንድስናና የኮምፒውተር ትምህርት ከሚሰጥበት ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የቴፒ ግቢ ወደ ተመረቀ ልጅ፣ «የመሐንዲሱን ልኬት ከኤክሴሉ አንሥቶ ወደ ሥርዓቱ የሚያስገባ ፕሮግራም ሥራልን» ይለዋል። ፕሮግራሙ በሁለት ቀን ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከሁለቱ ቀናት በፊት መታሰብ ያለበትን ነገር ነው።

በመጠየቂያው ላይ የሰፈሩት ሦስት ዓምዶች

ለማብራራት ያህል አንድ ምሳሌ እናንሣ፤ ዋጋውም መጠኑም ለምሳሌ የተወሰደ ነው። አንድ ግንበኛ 180 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ፣ አንዱን ሜትር ኩብ በ4,500 ብር፣ በጠቅላላው በ810,000 ብር ሊሠራ ተዋዋለ። በመጀመሪያው ክፍያ 60 ሜትር ኩብ ተለክቶ የ270,000 ብር ሥራ ተመዘገበለት። በሁለተኛው መጠየቂያ እስከ አሁን የሠራሁት 112 ሜትር ኩብ ደርሷል አለ። ተጠሪ መሐንዲሱ ሜትር ዘርግቶ ሲለካ ያገኘው 104 ነው።

በአገራችን የክፍያ ምስክር ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ሦስት ዓምዶች ይቀመጣሉ፤ ያለፈው፣ የአሁኑ፣ እስከ አሁን ያለው ድምር። በመሐንዲሱ ልኬት መሠረት ያለፈው 60፣ የአሁኑ 44፣ ድምሩ 104 ይሆናል። የአሁኑ ሥራ ዋጋ 198,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ በውሉ አምስት በመቶ መያዣ ካለ 9,900 ብር ይያዛል፤ ሃያ በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ተሰጥቶ ከነበረም 39,600 ብር ተመላሽ ይቀነሳል፤ ግንበኛው ከግብር ጉዳይ በፊት 148,500 ብር ይደርሰዋል። ተጨማሪ እሴት ታክስና ከክፍያ ላይ ተቀናሽ የሚሆነው ግብር በየራሳቸው መስመር መቀመጥ አለባቸው፤ ከተለካው ሥራ ጋር ተቀላቅለው የገቡ እንደ ሆነ በዓመቱ መጨረሻ የሚለያቸው ሰው አይገኝም።

የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ጂ 703 ተብሎ የሚታወቀው ቅጽም በመሠረቱ እንዲሁ ነው፤ ካለፈው መጠየቂያ የመጣ፣ በዚህ ጊዜ የተሠራ፣ በሥራ ቦታ የተከማቸ ዕቃ፣ እስከ አሁን ያለው ድምር፣ ቀሪውና መያዣው በየዓምዱ ይሰፍራሉ። በአሜሪካ የተሠሩት ሶፍትዌሮች የዚህን ቅጽ መልክ ስለሚከተሉ የእኛን ምስክር ወረቀት የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ በቀላሉ ይለምዳቸዋል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ግንበኛው 112 ያለው፣ መሐንዲሱ 104 ያገኘው ለምንድን ነው? እንደዚህ ዓይነት ልዩነት ሁልጊዜ ከማጭበርበር አይመጣም። በዝናማማ አገር የመሠረት ቦይ ተቆፍሮ ሳለ ግድግዳው ይናዳል፤ ቦዩ በሥዕሉ ላይ ከተመለከተው ይሰፋል፤ ግንበኛውም የሰፋውን በድንጋይ ይሞላዋል። መሐንዲሱ የሚለካው ግን በሥዕሉ ስፋት ነው። ስምንቱ ሜትር ኩብ በእርግጥ መሬት ውስጥ አለ፤ በውሉ መሠረት ግን ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ካልታዘዘ አይከፈልበትም። የሚያከራክረው 36,000 ብር ነው፤ ለአንድ አነስተኛ ግንበኛ ይህ የብዙ ሰው የሳምንታት ሒሳብ ነው።

ስለዚህ 112 እና 104 ሁለት የተለያዩ ምስክርነቶች ናቸው። አንደኛው ግንበኛው የጠየቀው ነው፤ ሁለተኛው መሐንዲሱ የመሰከረው። የወረቀቱ ሥርዓት ሁለቱንም ያስቀር ነበር፤ መሐንዲሱ በቀይ ቀለም 112ን ሰርዞ 104 ቢጽፍም የተሰረዘው አኃዝ ከሥሩ ይነበባል። ኮምፒውተር ግን የተሰረዘውን አያሳይም። አንዱ አኃዝ በሌላው ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ከፊታችን ይጠፋል።

ኤ.ፒ.አይ. ምንድን ነው?

ሶፍትዌሩን በተለመደው መንገድ የሚጠቀም ሰው ገጹን ከፍቶ አኃዙን በእጁ ይሞላል። ኤ.ፒ.አይ. የሚባለው ደግሞ አንድ ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት፣ የጥያቄውም የመልሱም መልክ አስቀድሞ የተወሰነ መንገድ ነው። መሥሪያ ቤት ሄዶ በመስኮት በኩል ቅጽ እንደ ማስገባት ሊታሰብ ይችላል፤ ቅጹን በሥርዓቱ የሞላ ይስተናገዳል፣ ያጎደለ ይመለሳል፣ መታወቂያ ያልያዘ ከመስኮቱ አይቀርብም። መታወቂያው በኮምፒውተር ቋንቋ ቶከን የሚባል፣ ዕድሜው አጭር የሆነ ምስጢራዊ ጽሑፍ ነው።

በዚህ መስኮት የሚቀርቡ ጥያቄዎች በስም ይለያሉ። ጌት የተባለው ማንበብ ነው፤ ምንም አይለውጥም። ፖስት አዲስ መዝገብ ይከፍታል። ፓች ደግሞ ያለውን መዝገብ በከፊል ያሻሽላል፤ ጠቅላላውን መጠየቂያ እንደገና ሳይልኩ የተለወጠውን መስመር ብቻ መላክ ያስችላል። የክፍያ መጠየቂያን ማሻሻል በአብዛኛው የሚከናወነው በዚህ በመጨረሻው ነው። ለጀማሪ ግር የሚል አንድ ነገር አለ፤ ፕሮኮር በገጹ ላይ የንኡስ ተቋራጭ ኢንቮይስ የሚለውን በኤ.ፒ.አይ.ው ውስጥ ሬክዊዚሽን ይለዋል። ኢንቮይስ የሚል ቃል እየፈለገ ቀን የሚያባክን ባለሙያ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሬክዊዚሽኑ በብቻው አይቆምም። ከአንድ ውል ጋርና ከአንድ የክፍያ ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው፤ በውስጡም እንደ ውሉ የሥራ ዝርዝር መስመሮች አሉት። እንግዲህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ማንበብ ነው፤ ውሉ የትኛው እንደ ሆነ፣ የክፍያው ጊዜ ክፍት መሆኑን፣ መስመሩ በእርግጥ የድንጋይ ግንቡ መስመር መሆኑን፣ ያለፈው ዓምድ በእጃችን ካለው ምስክር ወረቀት ጋር መስማማቱን። ያለፈው 60 መሆን ሲገባው ሥርዓቱ 58 ካሳየ፣ የዛሬውን ልኬት ከማስገባት በፊት የትናንቱን መጠየቅ ይገባል። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን እርምጃ ጊዜ ማባከን አድርገው ይዘሉታል። ሒሳብ ሠራተኛ ግን የዞረ ሒሳብ ሳያመሳክር አዲስ መዝገብ አይከፍትም።

በመላክ ጊዜ ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ መለየት አለባቸው፤ ያልተጻፈ፣ ባዶ እና ዜሮ። በፓች ውስጥ ያልተጻፈ መስመር «እንዳለ ይቆይ» ማለት ነው። ባዶ ሆኖ የተላከ «ይሰረዝ» ማለት ሊሆን ይችላል። ዜሮ ደግሞ ራሱን የቻለ አኃዝ ነው። መሐንዲሱ በኤክሴሉ ላይ የመያዣውን ሳጥን ሳይሞላ ቢተወውና ፕሮግራሙ ባዶውን ወደ ዜሮ ለውጦ ቢልከው፣ በምሳሌያችን ከሁለቱ ክፍያዎች የተያዘው 23,400 ብር ከመዝገቡ ሊነሣ ይችላል። መያዣው የተያዘው ግንቡ በሚቀጥለው ክረምት ቢሰነጠቅ ለማደሻ ነበር።

መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ

በቴፒ አካባቢ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጥያቄው ይላካል፣ መልሱ ሳይመጣ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ላኪው ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። አንድም ጥያቄው አልደረሰም፤ አለዚያም ደርሶ ተመዝግቦ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። በላኪው በኩል ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ደግሞ ይልካል። መድገሙ ጉዳት ያመጣ እንደ ሆነ የሚወሰነው በሚላከው ቃል ነው።

በሥራ ቦታ ቋንቋ እንናገር። «በሩን ዝጋ» ብሎ ሦስት ጊዜ ማዘዝ ችግር የለውም፤ የተዘጋ በር ተዘግቶ ይቆያል። «አንድ ካሪዮላ አሸዋ ጨምር» ብሎ ሦስት ጊዜ ማዘዝ ግን ሞርታሩን ያበላሻል። የክፍያ መጠየቂያም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ «44 ጨምር» የሚል መልእክት ቢልክና በኔትወርክ መቋረጥ ምክንያት ሁለት ጊዜ ቢደርስ፣ ድምሩ 104 መሆኑ ቀርቶ 148 ይሆናል፤ ግንበኛው ያልሠራው የ198,000 ብር ሥራ ይመዘገብለታል። ከሁሉ የሚያሰጋው 148 ከውሉ 180 ያነሰ መሆኑ ነው። ሥርዓቱ ከውሉ መጠን የሚያልፈውን እንዲከለክል ቢዘጋጅም ይህን አይከለክለውም፤ ማስጠንቀቂያም አያሰማም። በተቃራኒው «የአሁኑ 44 ነው» ወይም «እስከ አሁን ያለው ድምር 104 ነው» የሚል መልእክት ዐሥር ጊዜ ቢደርስ ውጤቱ ያው ነው።

የሚያስደስተው ነገር አለ። ያለፈውን፣ የአሁኑንና ድምሩን አንድ ላይ የሚጽፈው የወረቀት ምስክራችን ይህን ጥያቄ ኮምፒውተር ሳይመጣ መልሶታል። የክፍያ ምስክር ወረቀት «ጨምሩለት» አይልም፤ «እዚህ ደርሷል» ይላል። የጠፋ ወረቀት በግልባጭ ቢተካና በኋላ ዋናው ቢገኝ ሁለቱ አይደመሩም፤ ሁለቱም 104 ይላሉ። አዲሱ ፕሮግራም የሚጠበቅበት ይህን የቆየ አጻጻፍ መከተል ብቻ ነው።

ሆኖም ፓች የሚለውን ስም ማመን አይበቃም። አር.ኤፍ.ሲ. 5789 ተብሎ በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓች መግለጫ ራሱ፣ ጥያቄው ሲደገም ውጤቱ አንድ እንደሚሆን ዋስትና አይሰጥም፤ ኃላፊነቱ የጸሐፊው ነው። ፖስት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የተደገመ ፖስት ለአንድ ወር ሁለት መጠየቂያ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ መልስ ያልመጣለት ፖስት ከመደገሙ በፊት በጌት አንብቦ መጠየቂያው ተከፍቶ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መልስ ሲመጣም ይነበብ። 200 ተቀብዬዋለሁ ማለት ነው። 401 መታወቂያህ ዕድሜው አልፏል፣ 403 መታወቂያህ ለዚህ ሥራ አይፈቅድልህም፣ 422 ደግሞ ቋንቋህ ገብቶኛል ነገር ግን የጻፍኸውን ልቀበለው አልችልም ማለት ነው። በ401 አዲስ ቶከን ወስዶ መድገም ተገቢ ነው። 422ን መድገም ግን ከንቱ ነው፤ ሰው ዐይቶ ማረም አለበት። 422 ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ በሚከተለው ምክንያት ነው።

የቀን ጉዳይ

ተጠሪ መሐንዲሱ የልኬት ወረቀቱን የሚፈርመው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሥርዓቱ የሚያውቀው የግሪጎርያኑን ብቻ ነው፤ ቀኑንም ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ በሰረዝ እየለየ ይጽፈዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመ ልኬት እንደ ተጻፈ ቢላክ ወሩ 13 ይሆናል፤ ሥርዓቱም ይመልሰዋል። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ቢላክ የካቲት ይመስለውና 30 ቀን ያለው ፌብሩዋሪ ስለማያውቅ እርሱንም ይመልሰዋል። እነዚህ ሁለቱ መልካም ስሕተቶች ናቸው፤ ወዲያው ይታያሉ።

የሚያስፈራው የማይታየው ነው። የከተራ ዕለት ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመ ልኬት በእኛ አኃዝ 2017፣ 05፣ 10 ተብሎ ቢላክ፣ ሥርዓቱ ሜይ 10 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። እውነተኛው ቀን ጃንዋሪ 18 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የተመለሰ ሥራ በምንም ክፍት የክፍያ ጊዜ ውስጥ አይወድቅም፤ በቀን የተለየ ሪፖርት ሲወጣም አይገኝም። ግንበኛው ይጠብቃል፣ ሒሳብ ክፍሉ «አልደረሰንም» ይላል፣ መሐንዲሱ «ልኬአለሁ» ይላል፤ ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መያዝ ነው፤ ለሥርዓቱ የተለወጠው ቀን ይላካል፣ በማስታወሻው መስመር ደግሞ በወረቀቱ ላይ እንደ ተፈረመው የኢትዮጵያው ቀን ከነወሩ ስም በፊደል ይጻፋል። ለውጡ በተፈተነ መሣሪያ ይሠራ እንጂ «ሰባት ዓመት ጨምር» በሚል ግምት አይሠራ። መስከረም 1 ሁልጊዜ በሴፕቴምበር 11 አይውልም፤ 2016 ዓ.ም. የገባው በሴፕቴምበር 12 ነበር። ደግሞም የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለ ሆነና ብዙዎቹ የውጭ አጋሮች በጃንዋሪ ስለሚጀምሩ፣ አንድ የክፍያ ጊዜ በሁለት የበጀት ዓመታት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሥርዓቶቹ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲመዘግቡ እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ኔትወርኩ ሲሻል ተጠብቆ የተላከ መጠየቂያ ባለፈው ወር የመጨረሻ ቀን ሊመዘገብ ይችላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መላክ በእኛ አገር እንግዳ ነገር ስላልሆነ ይህን እንደ ትንሽ አናየውም።

ስለ መቶኛ አንድ ቃል እንጨምር። አንዳንድ ቅጾች የተሠራውን በመቶኛ ይጠይቃሉ። 104 ከ180 ሲካፈል 57.78 በመቶ ይሆናል፤ ከ810,000 ብር 57.78 በመቶ 468,018 ብር ነው፤ ትክክለኛው 468,000 ነበር። ዐሥራ ስምንት ብር ማንንም አያደኸይም። ነገር ግን ወረቀቱና ሥርዓቱ ስላልተስማሙ ሒሳብ መርማሪው ያስቆመዋል፤ ክፍያውም ለዐሥራ ስምንት ብር ሲባል ይዘገያል። የሚላከው መጠኑና የአንዱ ዋጋ ይሁን፤ መቶኛውን ሥርዓቱ ራሱ ያስላ።

ማን ይለውጥ? እስከ መቼስ?

የክፍያ መጠየቂያ በሥርዓቱ ውስጥ ደረጃዎች አሉት። በፕሮኮር ረቂቅ፣ በምርመራ ላይ፣ ታርሞ ይቅረብ፣ ጸድቋል፣ ከነማስታወሻው ጸድቋል፣ የአሠሪውን ውሳኔ ይጠብቃል የሚሉ ናቸው። እነዚህ ቃላት እንደ ቀላል ምልክት ይመስላሉ። በእውነቱ የሥልጣን ድንበሮች ናቸው። በረቂቅ ደረጃ መጠየቂያው የግንበኛው ነው። በምርመራ ጊዜ የመሐንዲሱ ነው። ከጸደቀ በኋላ ለፕሮግራሙ መዘጋት አለበት።

በዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አቋም የማያወላውል ነው፤ ልኬት የሚያስገባው ፕሮግራም የማጽደቅ ሥልጣን ያለው መታወቂያ ሊሰጠው አይገባም። አኃዝ ይጻፍ፤ «ጸድቋል» የሚለውን ግን ስሙ የታወቀ ሰው በእጁ ይጫን። በሒሳብ ሥራ ያዘጋጀው ሰው ራሱ አያጸድቅም፤ ማሽን ስለ ሆነ ይህ ደንብ አይቀርለትም። ምስጢራዊ መታወቂያው በቴሌግራም ቡድን ውስጥ መለጠፍ እንደሌለበት መናገር የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር፤ ግን ያስፈልጋል።

ከጸደቀ በኋላ ስሕተት ቢገኝስ? ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ያጓጓል፤ በአንድ ፓች ያልቃልና። ነገር ግን የጸደቀው አኃዝ ወደ ዋናው ተቋራጭ መጠየቂያ ገብቷል፣ ምናልባትም ለአጋር ድርጅቱ ሪፖርት ተደርጓል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ መንገዱን በግልጽ አስቀምጦታል፤ መሐንዲሱ በማንኛውም የክፍያ ምስክር ወረቀት ላይ ባለፈው ምስክር ወረቀት ውስጥ የነበረውን ስሕተት ሊያርም ይችላል። ይኸውም በሦስተኛው ክፍያ የሁለተኛው ይታረማል እንጂ ሁለተኛው አይቀየርም። የድምር ዓምድ ስላለን ይህም ቀላል ነው፤ ትክክለኛው ድምር ሲጻፍ ልዩነቱ በራሱ ይወጣል።

ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያርሙም ግጭት አለ። መሐንዲሱ በጠዋት አንብቦ ኔትወርክ በሌለበት ሳይት ሲያርም ውሎ ማታ ይልካል፤ በመካከሉ በአዲስ አበባ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛ የቅድሚያ ክፍያውን ተመላሽ አስተካክላለች። ሙሉውን ቅጽ የላከ እንደ ሆነ የእርሷን ሥራ ያጠፋዋል። አንዳንድ ሥርዓቶች «ያነበብሁት እንዳለ ከሆነ ብቻ ለውጠው» የሚል ሁኔታ ይቀበላሉ። ይህ በማይኖርበት ጊዜ ፕሮግራሙ ከመላኩ በፊት መጨረሻ የተሻሻለበትን ሰዓት አንብቦ ከተለወጠ ቆም ማለት አለበት። የተለወጡትን መስመሮች ብቻ መላክም ግጭቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ስምንቱ ሜትር ኩብ

ወደ ግንበኛው እንመለስ። ፕሮግራሙ 112ን አጥፍቶ 104 ቢጽፍና ቢጸድቅ፣ ግንበኛው የሚያውቀው ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ነው። ምናልባት ግብር ተቀንሶ ይሆናል ብሎ ያልፈዋል። ይህ ዝምታ ከ36,000 ብር የሚበልጥ ዋጋ አለው። በዚያው የፊዲክ መጽሐፍ መሠረት ሥራ ተቋራጩ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስጠይቀውን ነገር ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ ካለፈው መብቱን ያጣል። በእንዲህ ያለ ውል በሚሠራ ፕሮጀክት ላይ የቦዩ መናድ ተጨማሪ ክፍያ ያስገኝ ወይም አያስገኝ የሚወሰነው በክርክር ነው። ክርክሩ እንዲኖር ግን ዋናው ተቋራጭ በጊዜው ማወቅ አለበት፤ እርሱም የሚያውቀው ከግንበኛው መጠየቂያ ነው። 112 ከመዝገቡ ከጠፋ ቀኑ እየሮጠ ሳለ የሚያየው ሰው የለም።

ስለዚህ የሚመረጠው አሠራር ይህ ነው። ግንበኛው ያቀረበው መጠየቂያ እንደ ቀረበ፣ ከተፈረመው ወረቀት ፎቶ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ። የመሐንዲሱ ልኬት በራሱ ቦታ ይግባ፤ ሥርዓቱ ለተጠየቀውና ለጸደቀው የተለያየ መስመር ከሌለው፣ የተጠየቀው በማስታወሻ ውስጥ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነና ምክንያቱ ግልጽ ከሆነ «ከነማስታወሻው ጸድቋል» በሚለው ደረጃ ማለፍ ይሻላል፤ «ታርሞ ይቅረብ» ብሎ ወረቀቱን ወደ ቴፒ መመለስ በለቀማ ወራት ግንበኛውን ሠራተኛ አልባ ያደርገዋልና። ያልተከራከሩበት 148,500 ብር ይከፈል፤ የሚከራከሩበት 36,000 ብር ተለይቶ ይቆይ።

ከፕሮግራሙ የሚጠበቀው የመጨረሻ ሥራ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው። እያንዳንዱ ማሻሻያ ሲሳካ ለግንበኛው በስልኩ አጭር መልእክት ይላክለት፤ ስማርት ስልክም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። «የጠየቁት እስከ አሁን 112 ሜትር ኩብ፤ የተለካው 104። ልዩነቱ 8፤ ምክንያቱ ከሥዕሉ ስፋት በላይ የተሠራ መሠረት። በዚህ ክፍያ የሚደርስዎ 148,500 ብር፣ ከግብር በፊት። አቤቱታ ካለዎት ለተጠሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ ያቅርቡ።» ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት አኃዞች በሙሉ ፕሮግራሙ እጅ ውስጥ አሉ።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ክፍሎች በሚካሄድ ፕሮጀክት ላይ አይሞክሩት። ሒሳቡ የተዘጋ አንድ አሮጌ ፕሮጀክት ይምረጡ፤ ምስክር ወረቀቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሙከራ ሥርዓቱ ውስጥ በፕሮግራሙ ያሳልፉ፤ በመካከሉ ኔትወርኩን ሆን ብለው ያቋርጡ፣ አንድ የጳጉሜን ቀንም ያስገቡ። የመጨረሻው ድምር በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር እስከ ሳንቲም ከተስማማ ቀጣዩን የቴፒ ልኬት ሊቀበል ይችላል።